የቂርቆሷ ፔንግዊን

ወዳጃችን ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ሠላሳ ዓመት ሊደፍን ምንም ያልቀረው ሙያ ነው፤ የሰውን ብሶት በ«ጉዳዩ፦» ከፍቶ በ«ከሰላምታ ጋር» ሲዘጋ ኖሯል። በአማርኛ ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና ጀምሮ ወደ ኮምፒውተር የተሻገረ እጅ ነው። ለወረዳ፣ ለክፍለ ከተማ፣ ለፍርድ ቤት፣ ለጡረታ፣ ለእድር ሳይቀር ጽፏል። አንድ ጊዜማ አንዲት ሴት ለባሏ ማመልከቻ ጻፍልኝ ብትለው «ጉዳዩ፦ በጊዜ ቤት ስለመግባት» ብሎ ጽፎ፣ ግልባጩን ለአማቷ አድርጎላታል። በሥራው የሚመካበት አንድ አባባል አለው፤ የማመልከቻ ግማሹ አድራሻው ነው ይላል። ለማን እንደሚጻፍ ከታወቀ፣ ምን እንደሚጻፍ ጣት ራሱ ያውቀዋል።

ይህ አባባል ልብ ይባል። ኋላ የሚያንገላታው እሱ ነው።

ሱቁ ድሮ ካዛንቺስ ነበረች። ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ከጣሊያን ነው፤ በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበርና ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ ተባሉ። የሰፈሩ አፍ ደግሞ አሳጥሮ ካዛንቺስ አደረጋቸው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ወዳጃችንም ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽንና አንድ በርጩማ ጭኖ ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ወረደ። ደንበኞቹ ግማሾቹ ተበትነው ግማሾቹ ተከትለውት መጡ። ሰው ቤቱን ይቀይራል እንጂ ማመልከቻ ጸሐፊውን እንደዋዛ አይቀይርም።

ፔንግዊኗ የገባችው ከዚህችው ሱቅ ነው። ፔንግዊን የሊነክስ ምልክት ናት፤ ሊነክስ ደግሞ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ነው፤ ልዩነቱ ባለቤት ነኝ ብሎ ሒሳብ የሚጠይቅበት ሰው አለመኖሩ ነው።

ምክንያቱን ለመናገር ያህል፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ አቆመ። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ኮምፒውተሩ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ሊኖረው፣ ማቀነባበሪያው የኢንቴል ከሆነ ደግሞ በጥቅሉ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ሊሆን ይገባል። የወዳጃችን ኮምፒውተሮች ከዱባይ ያገለገሉ ሆነው የገቡ፣ አራተኛ ትውልድ ናቸው። ትውልድ የሚቆጠረው ለጋብቻ ብቻ ይመስለው ነበር። «እስከ ሰባት ቤት ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ ስምንት ግን በዛ» አለ።

የእህቱ ልጅ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ «ጋሼ፣ ሊነክስ እንጫንበት። ኡቡንቱ አለኝ። ነፃ ነው» አለው።

ከጎን ቡና የምታፈላው ጎረቤት ይህን ስትሰማ ጀበናዋን ሳታስቀምጥ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለች። ነገሩ ገብቷት አይደለም። ግን ልክ ነበረች።

እዚህ ላይ ትንሽ ሰዋስው ይፈቀድ። ይህን ዓይነቱን ሶፍትዌር የሚሠሩ ፈረንጆች ለአርባ ዓመት የሚጨቃጨቁበት ቃል አለ። በእንግሊዝኛ «ነፃ» እና «በነፃ» አንድ ቃል ናቸው። ስለዚህ «ፍሪ» ሲሉ ስለ ዋጋው ሳይሆን ስለ ነፃነቱ መሆኑን ለማስረዳት አንድ ጊዜ ቢራ፣ አንድ ጊዜ የመናገር መብት እየጠቀሱ ይደክማሉ። አማርኛ ይህን ሁሉ ጭቅጭቅ በአንዲት «በ» ገላግሎታል። ወዳጃችን ዊንዶውሱን በነፃ ነበር የሚጠቀመው፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዛመት የኖረ «አክቲቬተር» አንድ ቀን ሰው አምጥቶለት ነበርና። ነፃ ግን አልነበረም። አሁን ነፃ ሊሆን ነው። ያችን «በ» መጣል ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያውቅ ሰው ግን ሱቁ ውስጥ አልነበረም።

ታሪኩን ልጁ በአጭሩ ነገረው። ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ ማንም የሚጠቀምበት፣ ማንም የሚያሻሽለው ሥርዓት እሠራለሁ ብሎ ያወጀው እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 1983 ነው። ወዳጃችን በጣቱ ቆጥሮ ወደ እኛ መለሰው፤ መስከረም 16 ቀን 1976 ዓ.ም.፤ ደመራ! «እንግዲያው ከመጀመሪያውም ጭስ ነበረበት» አለ። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ተማሪ ደግሞ ለመዝናኛ ያህል የጀመርኳት ነገር አለች፣ ትልቅ የምትሆን አይደለችም ብሎ ለዓለም ያስታወቀው ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ በወደቀ በሦስት ወሩ ግድም። ያን ሰሞን ለመዝናኛ የሚሆን ጊዜ የነበረው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም።

ኡቡንቱንስ ወዳጃችን ያውቃታል። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲው በፖስታ በነፃ ይላክ ነበር። የካዛንቺስ አንድ ጎረምሳ በፖስታ ሣጥኑ አምስት አስመጥቶ አከፋፍሎ ነበር። ሚኒባስ የሚያሽከረክር ጎረቤታቸው የደረሰውን ሲዲ መስተዋቱ ላይ አንጠልጥሎት ለዓመታት ሲያብረቀርቅ ኖሯል። ያኔ የተጠቀመበት ሰው ቢኖር ያ ሾፌር ብቻ ነው።

መጫኑ ቀላል ነበር። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ሐሜት ይሆናል። ልጁ ዊንዶውሱን ሳያጠፋ ሊነክሱን ጎን ለጎን አስቀመጠው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በየትኛው ልግባ ብሎ ይጠይቃል። አገር ሲጠይቀው አዲስ አበባን መረጠ። የዓለም የሰዓት መዝገብ ውስጥ አዲስ አበባ የተመዘገበችው የናይሮቢ ሌላ ስም ሆና መሆኑን ሲሰማ ወዳጃችን ትንሽ ቅር ቢለውም ዋጠው። ቋንቋውን አማርኛ ሲያደርገው ደግሞ ገሚሱ አማርኛ፣ ገሚሱ እንግሊዝኛ ሆነ፤ ልክ እንደ ሰፈሩ ልጆች አነጋገር። ወሩን ሲያይ «ጃንዩወሪ» ይላል። ከዚያ «ፌብሩወሪ»። በገዛ ፊደላችን የተጻፉ፣ ማንም ቂርቆስ ውስጥ በዚህ አነባበብ ጠርቷቸው የማያውቅ ወሮች ናቸው። ጳጉሜን የለችም።

ከዚያ የሰዓት ነገር መጣ።

ዊንዶውስ እናት ሰሌዳው ላይ ያለውን ሰዓት የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ያነባል። ሊነክስ ደግሞ የዓለም መለኪያ ሰዓት ነው ብሎ ያስቀምጠዋል፤ እኛ ከዚያ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ሁለቱ በአንድ ኮምፒውተር ሲኖሩ አንዱ ያስተካከለውን ሌላው ያዛባል። ወዳጃችን ጠዋት በሊነክስ ሠርቶ፣ ለአንድ የቆየ ፋይል ሲል ወደ ዊንዶውስ ሲገባ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ልብ በሉ፣ እኛ ድሮም ስድስት እየቀነስን ነው የምናነበው። ማሽኑ 11:30 ካለ አምስት ተኩል ነው፤ በእውነቱ ግን ስምንት ተኩል ሆኗል። አንድ ቀን ሰውየው ምሳውን በልቶ ተመልሶ፣ ሲሠራ ቆይቶ፣ ቀና ብሎ ሰዓቱን ቢያይ ስድስት ሰዓት! ሱቁን ዘግቶ ሁለተኛ ምሳ በላ። ሽሮዋን ያቀረበችለት ሴት ትክ ብላ ስታየው ነው የነቃው። ልጁ በአንዲት መስመር ትእዛዝ አስተካከለው፤ ያች መስመር እስክትገኝ ግን ሁለት የፍርድ ቤት ቀጠሮ ጽሑፍ ዘግይቷል።

ኢንተርኔቱ በበኩሉ ሌላ ወግ ነው። ዋይፋይ የሚይዘው ቺፕ በሊነክስ አልሠራ አለ። ችግሩ የታወቀ ነው፤ አንዳንድ የቺፕ ፋብሪካዎች ዕቃቸው እንዴት እንደሚሠራ ለሊነክስ ሰዎች አይነግሩም፣ ወይም ድራይቨሩን ለብቻው ነው የሚያስቀምጡት። ቶርቫልድስ ራሱ በ2004 ዓ.ም. ሰኔ ፊንላንድ ውስጥ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ስለ ኤንቪዲያ ተጠይቆ የመሃል ጣቱን ለካሜራ አሳይቷል። በዚህ ቁጣ ያልተስማማ የሊነክስ ተጠቃሚ ጥቂት ነው። የወዳጃችን ቺፕ ግን የሌላ ፋብሪካ ነው፣ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፤ መፍትሔውም ተጽፎ ተቀምጧል፤ ድራይቨሩን ከኢንተርኔት አውርድ ይላል። ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት ያስፈልጋል። «ይሄ እኮ መታወቂያ ለማውጣት መታወቂያ አምጣ እንደማለት ነው» አለ ወዳጃችን፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ደግሞ ብዙ ማመልከቻ ጽፏል። በመጨረሻ የልጁን ስልክ በገመድ ሰክተው አወረዱት። የልጁ የወር ጥቅል እዚያው አለቀ፤ ነፃው ነገር የመጀመሪያውን ሒሳብ አስከፈለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ፊደሉ።

ወዳጃችን ጋ የሚመጣው ሰው በፍላሽ ይዞት የሚመጣው ፋይል የሃያ ዓመት ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት የተጻፈው ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ የአማርኛ መልክ እየለጠፈ የተጻፈ ነው። ያ ፊደል የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጭንብሉ ይወልቃል፤ የአያት የኑዛዜ ቃል የፈረንጅ ፊደል፣ የሥርዓተ ነጥብና የቅንፍ ጎመን ሆኖ ይወጣል። አንዲት አሮጊት የቤት ሽያጭ ውላቸውን በዚህ መልክ ስክሪኑ ላይ ሲያዩ «ልጄ፣ ማን ነው የደገመበት?» ብለው አማተቡ። ልጁ ስለ ኮድ አሠራር ሊያስረዳቸው ሲጀምር ወዳጃችን በክርኑ ጎሸም አድርጎ «እማማ፣ ነገ ይምጡ፤ በዚያኛው እከፍተዋለሁ» አላቸው። «በዚያኛው» ማለት በዊንዶውሱ ማለት ነው። የነገሩ ውርደት እዚህ ላይ ነው።

በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ሌላ መዘዝ አለው። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያወጣው የአማርኛ ፊደል ኒያላ ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው ከደጋ አጋዘን ነው። አጋዘኑ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዱር የትም አይገኝም። ፊደሉም ከዊንዶውስ ውጭ እንደዋዛ አይገኝም። ሊነክስ ኒያላን ሲያጣ ደግ ነውና በሌላ ይተካዋል፤ የተተካው ደግሞ በመስመሮች መካከል ሰፋ ብሎ የሚቀመጥ ሆነ። ሦስት ገጽ የነበረው ማመልከቻ አራት ይሆናል፤ አራተኛው ገጽ ላይ «ከሰላምታ ጋር» ብቻዋን፣ ሰው እንደሌለበት ጣቢያ ቆማ ትገኛለች። የተማረ ጸሐፊ ይህን ማየት አይችልም። ወዳጃችን አንዲቷን ቃል ወደ ሦስተኛው ገጽ ለማስገባት ግማሽ ቀን ሲፋለም ዋለ፤ ስትገባለት የደንበኛው ስም ወደ አራተኛው ተንሸራተተ።

መጻፊያውም አለ። ጣቶቹ የለመዱት ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ነው። ሊነክሱ ያቀረበለት ሴራ የሚባለውን አጻጻፍ ነው፤ አማርኛን በላቲን ፊደል ድምፅ እየመቱ የሚጽፉበት፣ ኢሜይል ገና ፊደላችንን በማያውቅበት ዘመን የተነደፈ ዘዴ ነው። ዘዴው ጎበዝ ነው። ግን ሠላሳ ዓመት በአንድ መንገድ የሄደ ጣት በሌላ መንገድ ሂድ ሲሉት እንደ በቅሎ ይገግማል። በመጀመሪያው ሳምንት የጻፈው አንድ የጡረታ ማመልከቻ ላይ «አመልካች» የሚለው ቃል በአምስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ተገኝቷል።

ልጁ ግን ተስፋ የሚቆርጥ አይደለም። «ጋሼ፣ ተርሚናል ይክፈቱ» ይላል ሁልጊዜ። ተርሚናል ለወዳጃችን ቦሌ ነው፤ እዚያ ሰው ይሸኛል፣ ያለቅሳል። በሊነክስም ነገሩ ብዙ አይለይም። ጥቁሩ መስኮት ይከፈታል፣ ትእዛዝ ይጻፋል፣ የይለፍ ቃል ይጠየቃል። የይለፍ ቃሉ ሲመታ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ኮከብ የለም፣ ነጥብ የለም። ወዳጃችን ኪቦርዱ ተበላሸ ብሎ ገለበጠው፤ የሦስት ዓመት የቆሎ ፍርፋሪ ወረደ። ለካ ለጥንቃቄ ተብሎ እንደዚህ ነው የተሠራው። መልሶ መታ፤ ስህተት ነው አለው። መልሶ መታ፤ ስህተት። በሦስተኛው ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንደነበረ ታወቀ።

ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ሲመታው የባሰ መጣ። ልጁ ነገር እንዳይነካካ ብሎ አጎቱን ተራ ተጠቃሚ አድርጎ ነበር የመዘገበው። ማሽኑ ይህ ሰው ከተፈቀደላቸው ስም ዝርዝር ውስጥ የለም አለና፣ ጉዳዩ ሪፖርት ይደረጋል ሲል ጨመረ። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ውስጥ ላደገ ሰው ይህ ዓረፍተ ነገር እንደዋዛ አይታለፍም። ወዳጃችን እጁን ከኪቦርዱ አነሣ። ሱቁን ቀስ ብሎ ዘጋ። ማታ ለእህቱ ልጅ ደውሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው፦

«ሪፖርት የሚደረገው ለማን ነው?»

«ለአስተዳዳሪው ነዋ።»

«አስተዳዳሪው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አንብበኸው ታውቃለህ?»

«አንድም ቀን።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ ተኛ። ግን ነገሩ ከንክኖት ቀረ፤ ማሽኑ እሱን የሚከስበት ቦታ አለው፣ እሱ ማሽኑን የሚከስበት የለውም።

አዋቂዎቹም እርስ በርስ አይስማሙም። አንድ ቀን ልጁ ጓደኛውን ይዞ መጣ፤ ጓደኛው ኡቡንቱን አይቶ ፊቱን አጨፈገገ። «ሚንት ነበር የሚሻልዎት» አለ። «ሚንት ከኡቡንቱ ነው የወጣው» አለ የእህቱ ልጅ። «ኡቡንቱስ ከደቢያን አይደል እንዴ?» ብሎ መለሰ ጓደኛው። ደቢያን ሲባል የሰማ አንድ ደንበኛ የትኛው ደብር ነው ብሎ ጣልቃ ገባ። ደብር አይደለም፤ ኢያን መርዶክ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1993 የፍቅረኛውን የዴብራንና የራሱን ስም ገጥሞ ያወጣው ነው። ፍቅሩ ጋብቻ ሆነ፣ ጋብቻው ፈረሰ፣ ስሙ ግን ይኸው አለ። ሁለቱ ልጆች ለአንድ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። ወዳጃችን የቆሎ ትምህርት ቤት የቀመሰ ነውና በመጨረሻ ገባው፤ ላይ ቤትና ታች ቤት ናቸው። መጽሐፉ አንድ፣ ያሬዱ አንድ፣ ጠቡ በአካሄዱ ላይ። ቅርንጫፉ ደግሞ ሁለት ብቻ አይደለም፣ በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ኮምፒውተሩን ግን ያን ቀን አንዳቸውም አልነኩትም።

በክርክሩ መሃል ልጁ «ዋናው ነገር ምንጩ ክፍት መሆኑ ነው» ሲል፣ ከበሩ አጠገብ የነበረች ሴት ጀሪካኗን አንሥታ እየሮጠች ወጣች። ውሃ ከሄደ አራተኛ ቀኑ ነበር። ክፍት ምንጭ ማለት የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለማንም ያልተደበቀ ማለት መሆኑን የነገራት ሰው የለም፤ ባዶ ጀሪካን ይዛ ስትመለስ ግን የተናገረችው በዚህ መጽሔት አይጻፍም።

የሒሳብ ሠራተኛው ጉዳይ ግን ከሁሉም የከፋ ነበር። የአንድ አነስተኛ ድርጅት ሒሳብ በትርፍ ሰዓቱ ወዳጃችን ሱቅ ቁጭ ብሎ በፒችትሪ የሚሠራ ሰው ነው። ፒችትሪን ባለቤቱ ሴጅ 50 ብሎ ስሙን ከለወጠው ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል፤ አዲስ አበባ ግን አልሰማችም፣ የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ ዛሬም «ፒችትሪ የሚችል» ነው የሚለው። ፕሮግራሙ የዊንዶውስ ነው። ልጁ የዊንዶውስን ፕሮግራም በሊነክስ ላይ የሚያስኬድ ነገር አለ፣ «ዋይን ይባላል፣ ዋይን ላይ እንጭነው» አለ። ወሩ ኅዳር ነው፣ የነቢያት ጾም ገብቷል። ሒሳብ ሠራተኛው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «በጾም?» አለ። ዋይኑ ተጫነ፣ ፒችትሪው ተከፈተ፣ የመጀመሪያው መስኮት ታየ፣ ሁለተኛውን ሲነኩት ጠፋ። እንደገና ከፈቱት፤ ፊደሎቹ ተደራርበው መጡ። «ጠጥቷል» አለ ሒሳብ ሠራተኛው፤ ተነሥቶም ወደ ሌላ ሱቅ ሄደ። ሚዛናዊ ለመሆን፣ ጥፋቱ የዋይን ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሰው ዘግቶ የሠራውን ቤት በመስኮት ገብቶ ማስተዳደር ነው ሥራው።

ልጁ በዚህ ሁሉ መሃል የሚመልሰው መልስ አያጣም። ከኅዳር 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ላይ ካሉት አምስት መቶ ኃይለኛ ሱፐር ኮምፒውተሮች አምስት መቶውም በሊነክስ ነው የሚሠሩት ይላል። ደንበኛው ሁሉ በእጁ የያዘው አንድሮይድ ስልክ ልቡ ሊነክስ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት በካርቶን እንደታሸገ የተሰጣቸውን ታብሌትም ያነሣል። ያለ አስተማሪ ነበር የተሰጣቸው፤ ሥርዓቱ አንድሮይድ ነው፣ ካሜራው እንዲዘጋ ተደርጎ ነበር። ፕሮጀክቱን የመራው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ከፍተውታል። ወዳጃችን ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ «እነዚያን ልጆች ማግኘት ይቻላል?» አለ።

አንድ ከሰዓት መብራት ሄዶ ደንበኛ ሲጠፋ፣ በስልኩ ብርሃን ልጁ ተርጉሞ ያተመለትን የሊነክስ ውል አወጣ። ውል ማንበብ ያውቃል። አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ሶፍትዌሩ በነፃ የሚሰጥ እንደመሆኑ ዋስትና የለውም፤ ቢበላሽ ማሠሪያው በተጠቃሚው ነው፤ ለደረሰ ጉዳት ማንም አይጠየቅም። ሠላሳ ዓመት ሲጽፍ እንዲህ ያለ የተዘጋ በር አይቶ አያውቅም። ለማን ይጻፋል? ለቶርቫልድስ? ለስቶልማን? ግልባጭ ለማን?

«ተከሳሽ የሌለበት ነገር ነው ያመጣህብኝ» አለው ልጁን።

«የዊንዶውሱን ውል አንብበውት ያውቃሉ?» አለ ልጁ።

አያውቅም። «እስማማለሁ» የሚለውን ሲጫን ነው የኖረው።

መብራቱ የሄደው ደግሞ ማሽኑ ራሱን በማደስ ላይ ሳለ ነበር። ሲመለስ የተጀመረው እድሳት ተቋርጧል፣ በእጅ ጨርሱት የሚል መልእክት ጠበቃቸው። ተርሚናል ተከፈተ። የይለፍ ቃል ተመታ። ይህ አሁን ልማድ ሆኗል፤ ወዳጃችን ሳይታይ መጻፍን ተክኖበታል።

የቀረው ማተሚያው ነው።

የወዳጃችን ዳቦ በዚህ ዘመን ማመልከቻ ብቻ አይደለም፤ የፋይዳ መታወቂያቸውን ከስልካቸው ወደ ወረቀት ለማውጣት የሚሰለፉ ሰዎች ናቸው። የሚገርመው ፋይዳ የቆመበት ሞሲፕ የተባለው መሠረት ራሱ ባንጋሎር የተሠራ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ሚሊዮኖችን የሚመዘግበው ሥርዓት ነፃ ሆኖ ይሠራል፤ አንድ ቅጠል ወረቀት ግን ቂርቆስ ላይ አልወጣ አለ። የማተሚያው ፋብሪካ ለሊነክስ ያወጣው ድራይቨር አሮጌ ነው፤ ልጁ ከአዲሱ ሥርዓት ጋር ለማስማማት ሦስት ማታ አደረበት። በአራተኛው ማተሚያው ዕውቅና አገኘ። ሥራ ይላክለታል፣ ጉርር ይላል፣ ስክሪኑ ላይ «ተጠናቋል» የሚል ይወጣል። ወረቀት የለም። አጥፍተው ሲያበሩት አንዳንዴ ይሠራል፤ ሲሠራም ከሦስት ቀን በፊት የታዘዘውን ነው አስቀድሞ የሚያወጣው። የአንድ ሰው የፍቺ ማመልከቻ በዚህ መልክ የወጣው ከታረቁ በኋላ ነው፤ ሚስቱ ፊት።

ልጁ አንድ ታሪክ ያኔ ነው የነገረው። ስቶልማን ያን የደመራ ዕለቱን አዋጅ እንዲያወጣ ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ማተሚያ ነበር። ዜሮክስ ለኤምአይቲ ላቦራቶሪ በስጦታ የሰጠው የሌዘር ማተሚያ ወረቀት ይነክስ ነበር፤ ስቶልማን ወረቀት ሲነክስ ለሰው የሚያስታውቅ ነገር ሊጨምርበት ፈልጎ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ቢጠይቅ ተከለከለ። ይህ ሁሉ ነፃነት፣ ይህ ሁሉ ፔንግዊን፣ ከዚያች የተነከሰች ወረቀት ነው የበቀለው።

«እና አርባ ዓመት ሙሉ ማተሚያዋን አልጨረሷትም?» አለ ወዳጃችን።

ሊያባርረው ነበር። ዊንዶውሱን መልስና ውጣ ሊለው ነበር። ልጁ አሳስቆ ለማስቀረት ይመስላል፣ ሌላ ነገር ከፈተ። ሊነክስ ውስጥ ስም ሲደረደር ለግዕዝ በሀለሐመ ብቻ ሳይሆን በአበገደ ተራም እንዲሆን የተዘጋጀ ምርጫ አለ፤ ይህን አሳየው። ወዳጃችን አበገደን ከመምህሩ አፍ የተማረ ነውና ወንበሩን አቀረበ። ቀጥሎ ኢማክስ የሚባለውን፣ ስቶልማን ራሱ የጻፈውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ከፈተለት፤ ከብዙ ዓመት በፊት ታካሃሺ ናኦቶ የተባለ ጃፓናዊ የእኛን ፊደል አስገብቶበታል፤ የቀን መቁጠሪያው ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይናገራል፤ ጳጉሜን አለች! ወዳጃችን ሳያስበው ፈገግ አለ። በመጨረሻ ልጁ በብዙ የዓለም ቋንቋዎች ሰላምታ የተደረደረበትን አንድ ገጽ አወጣ። «አማርኛ» ከሚለው ጎን እንዲህ ተጽፏል፦ ሠላም።

ወዳጃችን መነጽሩን አጠለቀ። አውልቆ ጠረገው፣ መልሶ አጠለቀው።

«በንጉሡ ሠ?»

«ምን ችግር አለው፣ ጋሼ? ይነበባል እኮ።»

«ሰላም በእሳቱ ሰ ነው የሚጻፈው! ዓለም ሁሉ የሚያየው ገጽ ላይ እንዲህ ይጻፋል? ለማን ነው የሚነገረው?»

ልጁ ሳቀና አንድ ትእዛዝ መታ። ሌላ መስኮት ተከፈተ፤ ስህተት ያየ ማንም ሰው የሚጽፍበት ነው። ከላይ የሚላክበት አድራሻ አስቀድሞ ተሞልቷል። የሚያነበው ሰው አለ፣ መልስ ይሰጣል፣ ልክ ሆኖ ከተገኘ ይታረማል፤ ያረመው ሰው ስም እዚያው ይመዘገባል። ወዳጃችን አድራሻውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ልጁን ከወንበሩ አስነሣው።

ሴራው ጣቱን አልተቃወመውም። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ጀመረ። «ጉዳዩ፦ ያለ ቦታው የገባው ንጉሡ ሠ ተነሥቶ በእሳቱ ሰ እንዲተካ ስለመጠየቅ።» ሥር አወጣ፣ ግዕዙን ጠቀሰ፣ ዕብራይስጡንና ዐረብኛውን ለምስክርነት ጠራ፤ ጃፓናዊውን ስለ ድካሙ አመሰገነ፤ ስለ ወሮቹ አጠራር በተለየ ማመልከቻ እንደሚመለስበት አስታወቀ። ሦስት ገጽ ሆነ። «ከሰላምታ ጋር» እዚያው ሦስተኛው ገጽ ላይ አረፈች፣ አልተንሸራተተችም።

«በቃ ጋሼ፣ እንግሊዝኛውን እኔ እጨምርበታለሁ፣ ይላኩት» አለ ልጁ።

«ሳይፈረም?» አለ ወዳጃችን፤ መሳቢያውን ስቦ ማኅተሙን አወጣ፣ ቀለሙን ተፍ ብሎ አራሰው። «ሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱ ለፋይል።»

አትም የሚለውን ተጫነው። ማተሚያው ጉርር አለ። ስክሪኑ ላይ «ተጠናቋል» የሚል ወጣ። ማኅተሙን በአየር ላይ እንደያዘ የወረቀት መውጫውን ያይ ጀመር።